ዐዋቂው ዳግመኛ ተማሪ ሲሆን

በዝግታ በምትረግጥ በቅሎ ላይ ያደገ ሰው አንድ ቀን የጋለ ሰንጋ ፈረስ ቢሰጡት፣ «ግልቢያ ዐውቃለሁ» ማለቱ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ሙሉ እውነትም አይደለም። ኮርቻው ያው ኮርቻ፣ ልጓሙም ያው ልጓም፣ እርካቡም ያው እርካብ ነው። ልዩነቱ የሚገለጠው ፈረሱ በደነበረ ጊዜ ነው። በዚያች ቅጽበት የጋላቢው እጅ የሚሠራው አእምሮው ያሰበውን ሳይሆን በበቅሎዋ ላይ ሲለምደው የኖረውን ነውና።

ይህን ምሳሌ ያነሣነው ስለ ፈረስ ለመናገር አይደለም። የዛሬው ጽሑፋችን፣ አንድ አብራሪ ከቀላሉ ትንሽ አይሮፕላን ወደ ውስብስቡ ትንሽ አይሮፕላን በሚሸጋገርበት ጊዜ ሊማረው ስለሚገባው ትምህርት፣ ይህም ትምህርት እንዴት ሕግ ለመሆን እንደ በቃ ይመለከታል። ታሪኩ በአብዛኛው የተፈጸመው በአሜሪካ አገር ነው፤ በዚያ አገር ሐኪሙም ነጋዴውም ገበሬውም የራሱን ትንሽ አይሮፕላን ገዝቶ ማብረር የተለመደ በመሆኑ፣ ጥያቄው ከሁሉ አስቀድሞና ከሁሉ ይልቅ ጐልቶ የታየው እዚያ ነውና። የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ «ይህ የጥቂት ባለሙያዎች ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ይል ይሆናል። ነገሩን ጠለቅ ብለን ስንመረምረው ግን ጥያቄው የአይሮፕላን ብቻ ሆኖ አናገኘውም። ጥያቄው ይህ ነው፤ ለአንድ ሰው የተሰጠው የምስክር ወረቀት ያልተማረውን ነገር ጭምር ሊመሰክርለት ይችላልን?

የነገሩ መነሻ ከትንሽ አይሮፕላን ሳይሆን ከትልቅ አይሮፕላን ይጀምራል። በኦክቶበር 30 ቀን 1935 ዓ.ም. በኦሃዮ ግዛት በራይት ፊልድ፣ የቦይንግ ኩባንያ የሠራው ሞዴል 299 የተባለ ባለ አራት ሞተር አይሮፕላን በጦር ሠራዊቱ ፊት ለፈተና ተነሣ። መሪውን የያዙት ሻለቃ ፕሎየር ሂል ልምድ ያካበቱ የሙከራ አብራሪ ነበሩ። የኩባንያውም የሙከራ አብራሪ ሌስሊ ታወር አብረዋቸው ነበሩ። አይሮፕላኑ ከመሬት እንደ ተነሣ አፍንጫውን ወደ ላይ አቅንቶ ወጣ፤ ወዲያውም ኀይሉ ከድቶት ወደቀና በእሳት ተያያዘ። ሁለቱም ሰዎች በዚሁ አደጋ ምክንያት ሕይወታቸው አለፈ።

ምርመራው ሲፈጸም ሞተሩ ጤነኛ፣ ክንፉም ያልተሰበረ ሆኖ ተገኘ። አይሮፕላኑ መሬት ላይ ቆሞ ሳለ ነፋስ መሪ ክንፎቹን እንዳያንገላታቸው የሚይዝ መቈለፊያ ነበረው፤ ይህ መቈለፊያ ከመነሣታቸው በፊት ሳይፈታ ቀርቶ ነበር። እንግዲህ የጠፋው ዕውቀት አልነበረም። መቈለፊያው መፈታት እንደሚገባው ከእነዚያ ሰዎች የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። ነገር ግን አዲሱ አይሮፕላን ከቀድሞዎቹ ይልቅ ብዙ ጕዳይ የሚጠይቅ በመሆኑ፣ የሰው ትዝታ ብቻውን ሊሸከመው የማይችለው ሆኖ ተገኘ። የጦር ሠራዊቱ አብራሪዎችም «ከዚህ የበለጠ ጐበዝ ሰው እንፈልግ» አላሉም፤ ከመነሣት በፊት፣ በበረራ ጊዜና ከማረፍ በፊት መደረግ ያለበትን ሁሉ በአጭሩ ጽፈው፣ እያነበቡ የሚፈትሹበትን ዝርዝር አዘጋጁ። ዛሬ በየአይሮፕላኑ ውስጥ የሚገኘው የመፈተሻ ዝርዝር ከዚህ መከራ የመጣ ልማድ ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ሌላ ነገር ታወቀ። አንዳንድ የጦር አብራሪዎች በደኅና ካረፉ በኋላ፣ የክንፉን ፍላፕ ለመሰብሰብ ብለው የማረፊያ ጎማውን ያጥፉ ነበር፤ አይሮፕላኑም በሆዱ አስፋልቱ ላይ ይተኛል። በ1943 ዓ.ም. ይህን እንዲመረምር የታዘዘው አልፎንስ ቻፓኒስ የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ ሁለቱ እጀታዎች ጐን ለጐን የተቀመጡና በመልክም የሚመሳሰሉ መሆናቸውን ተመለከተ። በጎማው እጀታ ላይ ትንሽ የጎማ ቅርጽ፣ በፍላፑ እጀታ ላይ ደግሞ የሾለ ቅርጽ እንዲደረግ መከረ። ሐሳቡም ሠራ፤ እጅ ሳያይ በመዳሰስ ብቻ የትኛው የትኛው እንደ ሆነ ለየ። ከዚህ የምንማረው፣ ድካም ባለበትና ችኰላ በበዛበት ሰዓት አብራሪውን የሚመራው የእጁ ልማድ መሆኑን ነው። ልማዱ ከመሣሪያው ጋር ከተስማማ ያድነዋል፤ ካልተስማማ ግን ራሱ ልማዱ ጠላት ይሆንበታል።

ጦርነቱ ሲያበቃ ይህ ጥያቄ ከጦር ሰፈር ወጥቶ ወደ ተራው ሰው መጣ። ከጦርነቱ በፊት ብዙ አሜሪካውያን የተማሩበት ትንሽ አይሮፕላን ፓይፐር ካብ ይባል ነበር። ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ፣ ሞተሩ 65 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ ጎማው የማይታጠፍ፣ ፕሮፔለሩም የማይለዋወጥ ነበር። ፍጥነቱ በሰዓት ከ120 ኪሎ ሜትር እምብዛም የማይበልጥ ስለ ነበረ፣ አብራሪው ቢሳሳት እንኳ ስሕተቱን የሚያርምበት ጊዜ ይሰጠዋል።

በዲሴምበር 22 ቀን 1945 ዓ.ም. ግን ቢችክራፍት የተባለው ኩባንያ ቦናንዛ የሚባለውን አይሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ አበረረ፤ ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮም ለገዢዎች ቀረበ። አራት ሰው ይይዛል፤ ጎማው ወደ ሆዱ ይታጠፋል፤ የፕሮፔለሩ ክንፎች አቀማመጥ ከውስጥ ሆኖ ይለዋወጣል፤ ጅራቱም እንደ ሌሎቹ ሳይሆን እንደ ሹካ ለሁለት የተከፈለ ነበር። በሰዓት ከ270 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል። አንባቢ ልብ ይበል፤ በሕጉ ዐይን ካቡም ቦናንዛውም ባለ አንድ ሞተር የየብስ አይሮፕላን ነበሩ። በካብ ተምሮ ፈቃድ ያገኘ ሰው በዚያው ወረቀት በማግሥቱ ቦናንዛ ገዝቶ ብቻውን ቢነሣ ሕግ አይከለክለውም ነበር። የተለየ ፈቃድ የሚጠየቀው ክብደቱ ከ5,670 ኪሎ ግራም ለሚበልጥ ትልቅ አይሮፕላን ነበር፤ ኋላም በጄት ለሚሄደው እንዲሁ ሆነ።

የሁለቱ አይሮፕላኖች ልዩነት ምን እንደ ሆነ በአጭሩ መግለጽ ይገባናል። ጎማው የማይታጠፍ አይሮፕላን ሁልጊዜ ለማረፍ የተዘጋጀ ነው፤ የሚታጠፈው ግን አብራሪው ካላስታወሰው በቀር በሆዱ ያርፋል። የሚለዋወጠው ፕሮፔለር እንደ መኪና ማርሽ ነው፤ ለመነሣት አንድ ዐይነት፣ ለጕዞ ሌላ ዐይነት አቀማመጥ ያስፈልገዋል። ስለዚህ በአንድ የነዳጅ መስጫ እጀታ ፈንታ ሁለት እጀታዎች ይመጣሉ፤ ሥርዐትም አላቸው። ጉልበት ሲጨመር ፕሮፔለሩ ይቀድማል፣ ጉልበት ሲቀነስ ግን ነዳጅ መስጫው ይቀድማል፤ ሥርዐቱ ከተዛባ ሞተሩ ይጐዳል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቅርጹ የለሰለሰና ነፋስን በቀላሉ የሚሰነጥቅ በመሆኑ፣ አፍንጫው ጥቂት ዝቅ ባለ ጊዜ ፍጥነቱ በድንገት ይጨምራል። ካብ ሲዘቀዝቅ እንደ ጋሪ ነው፤ ቦናንዛ ሲዘቀዝቅ ግን ከገደል እንደ ተለቀቀ ድንጋይ ነው።

ይህን አይሮፕላን መግዛት ይችሉ ከነበሩት መካከል ሐኪሞችና ሌሎች ባለጸጎች ይገኙ ነበር። እነዚህ ሰዎች በሥራቸው የተከበሩ፣ በውሳኔያቸው የሚታመኑ፣ ጊዜያቸው ግን እጅግ የጠበበ ነበር። ከዚህም የተነሣ በአብራሪዎች ዘንድ ቦናንዛ «ባለ ሹካ ጅራቱ ሐኪም ገዳይ» የሚል ክፉ ቅጽል ወጣለት። እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ ሁሉ የአብራሪዎቹ አልነበረም፤ ጅራቱ ከተወሰነው ፍጥነት ሲያልፍ የሚታይበት ድካም ስለ ነበረ በ1980ዎቹ ዓመታት እንዲጠናከር ታዝዟል። ነገር ግን አይሮፕላኑን ወደዚያ ፍጥነት የሚያደርሰው ነገር ብዙ ጊዜ አንድ ዐይነት ነበር፤ ይኸውም በደመና ውስጥ አድማስ የጠፋበት አብራሪ ነው።

ስለዚህ ነገር በ1954 ዓ.ም. የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ያደረጉት ምርመራ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። በመሣሪያ ብቻ መብረር ያልተማሩ 20 ሰዎች መርጠው፣ አስተማሪ ከጐናቸው አስቀምጠው፣ በቦናንዛ ላይ አሳፈሯቸው፤ ውጭውንም እንዳያዩ አድርገው እንዲያበሩ አደረጉ። ከ20ው ሰው መካከል አንድ እንኳ አይሮፕላኑን ተቈጣጥሮ ሊዘልቅ የቻለ አልተገኘም። ፈጥኖ የተሸነፈው በ20 ሴኮንድ ነው፤ እጅግ የታገሠው በ480 ሴኮንድ ነው። የሁሉም አማካይ ሲወጣ 178 ሴኮንድ ሆነ፤ ይህም ማለት ሦስት ደቂቃ ሊሞላ ሁለት ሴኮንድ ሲቀረው ነው። አሥራ ዘጠኙ እየተጠማዘዙ በሚፈጥን ቍልቍለት ወደ ታች ሲወርዱ ነበር። ሰውየው ቀጥ ብሎ የሚሄድ ይመስለዋል፤ ፍጥነቱ መጨመሩን ሲሰማ መሪውን ወደ ራሱ ይስባል፤ በሳበ ቍጥር ግን ክቡ ይጠብባል እንጂ አፍንጫው አይነሣም።

መምህራኑ ግን በዚህ አላበቁም። እነዚህኑ ሰዎች አንድ ቀላል ዘዴ አስተማሯቸው፤ ይኸውም ጎማውን በማውረድና ጉልበት በመቀነስ አይሮፕላኑን ማዘግየት፣ ከዚያም በዝግታ ዞሮ ከደመናው ወደ መጡበት መመለስ ነው። ከዚህ ትምህርት በኋላ ሰዎቹ ያቃታቸውን ለመፈጸም ቻሉ። አይሮፕላኑ አልተለወጠም፤ ሰዎቹም በተፈጥሯቸው አልተለወጡም፤ በመካከል የገባው የጥቂት ሰዓት ትምህርት ብቻ ነበር።

ይህ ምርመራ ከታወቀ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 3 ቀን 1959 ዓ.ም. ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ በአዮዋ ግዛት ከሜሰን ሲቲ አይሮፕላን ማረፊያ አንድ ቦናንዛ ተነሣ። ሦስቱ ተሳፋሪዎች ባዲ ሆሊ፣ ሪቺ ቫለንስና ጄ. ፒ. ሪቻርድሰን የተባሉ በዘመኑ የታወቁ ዘፋኞች ነበሩ። አብራሪው የ21 ዓመት ወጣት ነበር። ሌሊቱ ጨለማ፣ ደመናው ዝቅ ያለ፣ በረዶም የሚጥል ነበር። አይሮፕላኑ ከተነሣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ድምፁ ጠፋ፤ ሲነጋም ከማረፊያው 10 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት በእርሻ መካከል ተሰባብሮ ተገኘ። ከአራቱ ሰዎች አንድም አልተረፈም።

የዘፋኞቹ ሞት በዓለም ሁሉ ስለ ተወራ፣ ስለ አብራሪው የተጻፈውን የሲቪል ኤሮናውቲክስ ቦርድ የምርመራ መግለጫ ብዙ ሰው አላስተዋለውም። እኛ ግን በዚህ ላይ ጥቂት መቆየት እንወዳለን። ወጣቱ ጀማሪ አልነበረም፤ 711 ሰዓት በሯል፤ ከዚህም ውስጥ 128 ሰዓት ያህል በቦናንዛ ነው። በመሣሪያ ስለ መብረርም 52 ሰዓት ያህል ተምሯል፤ ሆኖም የተግባሩን ፈተና ወድቆ ስለ ነበር ፈቃዱ አልነበረውም። ትምህርቱንም የተማረው በሌሎች አይሮፕላኖች ላይ ነበር። በእነዚያ አይሮፕላኖች ላይ የነበረው የአይሮፕላኑን አቋም የሚያሳይ መሣሪያ የተለመደው ዐይነት ሲሆን፣ በዚህ ቦናንዛ ላይ የነበረው ግን አፍንጫ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መሆኑን የሚያመለክተው በተቃራኒው መንገድ ነበር። እንግዲህ በጨለማና በበረዶ መካከል ያ ወጣት ዐይኑን ወደ መሣሪያው ባነሣ ጊዜ፣ እየወረደ ሳለ የሚወጣ መስሎት ሊሆን ይችላል። ቦርዱም የአደጋው ዋና ምክንያት ፈቃድና ብቃት ሳይኖረው በመሣሪያ ብቻ የሚበረርበትን ጕዞ መጀመሩ ነው ብሎ ፈረደ፤ ለአደጋው ካገዙትም ምክንያቶች መካከል የአየሩን ጠባይ በሚገባ አለመነገሩንና ያን መሣሪያ አለመልመዱን ቈጠረ።

በዚህ ወጣት ላይ ለመፍረድ መቸኰል አይገባንም። የተማረው ትምህርት ሐሰት አልነበረም፤ ነገር ግን ለሌላ መሣሪያ የተማረው ነበር። አላዋቂ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ፈርቶ ይቀር ነበር። ያሳሳተው ዕውቀት ማጣቱ ብቻ ሳይሆን፣ ለጕዞው የማይበቃ ዕውቀት መያዙ ጭምር ነው።

በአሜሪካ የአብራሪዎችን ፈቃድ የሚመለከተው ደንብ ከኖቬምበር 1 ቀን 1973 ዓ.ም. ጀምሮ በታደሰ ጊዜ ይህን ክፍተት የሚደፍን አንቀጽ ገባበት። ሞተሩ ከ200 የፈረስ ጉልበት የሚበልጥ ወይም የሚታጠፍ ጎማ፣ ፍላፕና የሚለዋወጥ ፕሮፔለር ሦስቱን በአንድነት የያዘ አይሮፕላን በኀላፊነት ለማብረር የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ከአስተማሪ ጋር እንዲማር፣ አስተማሪውም «ይህ ሰው ይችላል» ብሎ በበረራ መዝገቡ ላይ እንዲፈርምለት ታዘዘ። በ1997 ዓ.ም. ደንቡ በሁለት ተከፈለ፤ ለውስብስቡ አይሮፕላን አንድ ፊርማ፣ ጉልበቱ ለበዛው ሌላ ፊርማ ሆነ። በአውሮፓም አገሮች ይህን የመሰለ ሥርዐት አለ፤ የሚታጠፍ ጎማ፣ የሚለዋወጥ ፕሮፔለር፣ አየር የሚታመቅበት ክፍልና ሌላውም እያንዳንዱ ልዩነት ለብቻው ትምህርትና የአስተማሪ ፊርማ ይጠይቃል።

አንባቢ በዚህ የአሜሪካ ደንብ ውስጥ አንድ የሚያስገርም ነገር ያገኛል። ደንቡ ስንት ሰዓት መማር እንደሚገባ አይወስንም። ለአንዱ አምስት ሰዓት ይበቃው ይሆናል፤ ለሌላው ሃያ ሰዓትም ያንስበታል። ሕጉ ክብደቱን ሁሉ ያሳረፈው በአስተማሪው ኅሊና ላይ ነው። ጥሩ አስተማሪ ተማሪውን አስቀድሞ የመሬት ትምህርት ያስተምረዋል፤ ሞተሩ ቢጠፋ፣ ፕሮፔለሩ ቢፈጥንበት፣ ለማረፍ ተዘጋጅቶ ሳለ እንደ ገና መነሣት ቢያስፈልገው ምን እንደሚያደርግ በአየር ላይ ያለማምደዋል። የጎማው የኤሌክትሪክ ኀይል ቢቋረጥ በእጅ እንዴት እንደሚወርድ ያሳየዋል፤ በቦናንዛ ይህ ሥራ መዘውሩን 50 ጊዜ ያህል ማዞርን ይጠይቃል። ከማረፉም በፊት ሁልጊዜ «ነዳጅ፣ ጎማ፣ ድብልቅ፣ ፕሮፔለር፣ መታጠቂያ» እያለ በቃሉ እንዲቈጥር ያስለምደዋል።

ፊርማው ግን የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ተማሪው ብዙ ጊዜ ከአስተማሪው በዕድሜ የሚበልጥ፣ ባለጸጋ፣ የአይሮፕላኑም ባለቤት ነው። አስተማሪው ግን ምናልባት በሰዓት የሚከፈለው ወጣት ይሆናል። «ጌታዬ፣ ገና አልበቁም» ማለት እንደምን ይከብደዋል! በእኛ አገር ይህን ነገር የምንጠራበት ቃል አለን፤ ይሉኝታ ይባላል። ይሉኝታ በማዕድ ላይ ጨዋነት ነው፤ በበረራ መዝገብ ላይ ግን ነፍስ ያጠፋል። ለባለጸጋው ያዘነ መስሎት የሚፈርምለት አስተማሪ፣ ያላዘነለት እርሱ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ሕግ ደግሞ ነገሩን ከሌላ ወገን ያሳየናል። ከጦርነቱ በኋላ የተሠሩት የመማሪያ አይሮፕላኖች እየቈዩ ሦስተኛ ጎማቸውን ከጅራት ወደ አፍንጫ አዛወሩ። በእነዚህ ያደገ ትውልድ እንደ ካብ ባለው ጎማው በጅራቱ በሆነ ጥንታዊ አይሮፕላን ሲሳፈር መሬት ላይ መቈጣጠር አቃተው፤ የኋላው ከፊቱ ለመቅደም እየታገለ ይዞርበታልና። ስለዚህ ከኤፕሪል 15 ቀን 1991 ዓ.ም. ጀምሮ ለዚህም ልዩ ትምህርትና ፊርማ ተወሰነ። የአያቶች መጀመሪያ የነበረው ለልጅ ልጆች አዲስ ሆነ። እንግዲህ ውስብስብ የሚባለው ነገር በመሣሪያው ብዛት ብቻ አይለካም፤ በአብራሪው ልማድና በያዘው መሣሪያ መካከል ባለው ርቀትም ይለካል።

የትምህርቱን ኀይል ለሚጠራጠር ሰው የሚትሱቢሺ ኤም ዩ 2 ታሪክ በቂ ምስክር ይመስለናል። ይህ በጃፓን የተሠራ ባለ ሁለት ሞተር አይሮፕላን በ1963 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በረረ። ክንፉ ትንሽ፣ ፍጥነቱ ብዙ ነው፤ ወደ ጐን ሲያጋድልም እንደ ሌሎቹ በክንፉ ጫፍ ባለ መሪ ሳይሆን ከክንፉ ላይ ብድግ በሚሉ ሳንቃዎች ነው። ክብደቱ ግን ከተወሰነው በታች በመሆኑ፣ በሌላ ባለ ሁለት ሞተር አይሮፕላን የተማረ ሰው የተለየ ትምህርት ሳይጠየቅ ሊያበረው ይችል ነበር። አደጋው እየተደጋገመ በሄደ ጊዜ «ይህ አይሮፕላን ከበረራ ይታገድ» የሚል ድምፅ ተሰማ። የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ነገሩን ሲመረምር አይሮፕላኑ የሚጠየቀውን የሥራ ደረጃ የሚያሟላ ሆኖ፣ የጐደለው ግን ለእርሱ የተለየ ትምህርት መሆኑን አገኘ። በ2008 ዓ.ም. በወጣው ልዩ ደንብ፣ ኤም ዩ 2 የሚያበር ሁሉ ለዚሁ አይሮፕላን በተዘጋጀ ሥርዐት እንዲማር፣ ትምህርቱንም በየጊዜው እንዲያድስ፣ የተፈቀደውንም የመፈተሻ ዝርዝር እንዲይዝ ታዘዘ። ከዚያ በኋላ አደጋው እጅግ ቀነሰ። ሊወገዝ የነበረው መሣሪያ በትምህርት ምክንያት ስሙ ታደሰ።

በዘመናችን ደግሞ ውስብስብነት ራሱ ቦታውን ለውጧል። የቀድሞው አብራሪ የሚጨነቀው ስለ ጎማና ስለ ፕሮፔለር ነበር፤ የዛሬው ትንሽ አይሮፕላን ብዙ ጊዜ ጎማው የማይታጠፍ ሆኖ፣ በፊቱ ግን እንደ ቴሌቪዥን ያሉ መስታወቶች ተደርድረውበታል። ካርታውን፣ አቋሙን፣ የሞተሩን ጤና ሁሉ በእነዚህ ላይ ያነባል። የብሔራዊ ትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በ2002 እና በ2006 ዓ.ም. መካከል የተሠሩትን ትናንሽ አይሮፕላኖች አነጻጽሮ በ2010 ዓ.ም. ያወጣው ጥናት ብዙዎችን አስደንግጧል። ባለ መስታወቶቹ በጠቅላላው የአደጋ መጠን ዝቅ ብለው ሲገኙ፣ ሰው በሚሞትበት አደጋ ግን ከቀድሞዎቹ ይልቅ ከፍ ብለው ተገኙ። ቦርዱም ለየመሣሪያው የተለየ ትምህርት እንዲሰጥ መከረ። መሣሪያው ብዙ የሚነግር ቢሆንም፣ ቋንቋውን ላልተማረ ሰው የሚናገረው ለባዶ ቤት ነው።

በኤፕሪል 4 ቀን 2018 ዓ.ም. በፍሎሪዳ ግዛት በዴይቶና ቢች አንድ ፓይፐር አሮው የተባለ ባለ ታጣፊ ጎማ የመማሪያ አይሮፕላን ክንፉ በአየር ላይ ተገንጥሎ ወደቀ፤ ለሙያ ፈቃድ ይፈተን የነበረው ተማሪና ፈታኙ ሁለቱም ሞቱ። ብረቱ በድካም ብዛት ተሰንጥቆ ነበር። ትውልድ ሁሉ ውስብስቡን አይሮፕላን የተማረባቸው እነዚህ አሮጌ መሣሪያዎች ራሳቸው እየደከሙ፣ በቍጥርም እያነሱ መሄዳቸው በዚያን ጊዜ የታወቀ ነበር። በዚያው ወር አስተዳደሩ ለሙያው ፈተና ባለ ታጣፊ ጎማ አይሮፕላን ማቅረብ ግዴታ እንዳይሆን አደረገ፤ በዚያው ዓመትም ተማሪው በውስብስቡ አይሮፕላን ይማረው የነበረውን 10 ሰዓት ባለ መስታወትና ባለ ራስ ገዝ መሪ በሆነው አዲስ ዐይነት እንዲፈጽም ፈቀደ። ሆኖም ታጣፊ ጎማ ያለውን አይሮፕላን በኀላፊነት ለማብረር የሚያስፈልገው የአስተማሪ ፊርማ አልተሻረም።

እንግዲህ ከ1935 እስከ 2018 ዓ.ም. ያለውን ይህን ታሪክ ስንመለከት አንድ ነገር ጐልቶ ይታየናል። የመሸጋገሪያ ትምህርት የተፈለገው ስለ ጀማሪው ብቻ አይደለም፤ ጀማሪውስ አስተማሪ ከጐኑ አለው፤ ፍርሀትም ይጠብቀዋል። አደጋው የበረታው ትናንት በተሳካለት፣ ወረቀቱን በኪሱ በያዘ፣ «ከእንግዲህ ማን ያስተምረኛል?» በሚል ሰው ላይ ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው ዳግመኛ በተማሪ ወንበር መቀመጥ ከሁሉ የከበደ ትምህርት ነው። የቸኰለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ በአየር ላይ ግን የፈሰሰውን የሚለቅም የለም።

ይህንንም ስንል በመሥሪያ ቤትና በትምህርት ቤት ያሉትን አንባቢዎቻችንን ረስተን አይደለም። በአንድ ክፍል ሥራውን ያስመሰገነ ሹም ወደ ሰፊው መሥሪያ ቤት ሲዛወር፣ ጠረጴዛው ያው ጠረጴዛ፣ ማኅተሙም ያው ማኅተም ይመስለዋል፤ አዲስ መጽሐፍ የተሰጠው መምህርም እንዲሁ። የሹመት ደብዳቤ እንደ አብራሪው ፈቃድ ነው፤ የተማረውን ይመሰክርለታል እንጂ ያልተማረውን አያስተምረውም። በአየር ላይ ይህ ስሕተት በ178 ሴኮንድ ይገለጣል፤ በምድር ላይ ግን ለመገለጥ ዓመታት ይፈጅ ይሆናል፤ ዕዳውንም የሚከፍሉት ብዙ ጊዜ ሌሎች ናቸው።

ስለዚህ አብራሪዎቹ ብዙ ሰው ከሞተባቸው በኋላ ያገኙትን ልማድ እኛ ያለ ሞት ብንወርሰው መልካም ነው እንላለን። አዲስ ሥራ የተሰጠው ሰው ከመነሣቱ በፊት ከእርሱ አስቀድሞ ወደ ሠራው ሰው ሄዶ «ከለመድሁት የሚለየው ምንድር ነው?» ብሎ ይጠይቅ። የተጠየቀውም ሰው፣ ጠያቂው በዕድሜም ሆነ በማዕርግ ቢበልጠው እንኳ፣ ያልበቃውን በቅቷል ብሎ አይፈርምለት።